ጨዋ ሰው ጊዜ ሲገዛ

«መልሱ ሲጠፋችሁ ዝም አትበሉ» ይል ነበር የእንግሊዝኛ መምህሩ። «ፈገግ ብላችሁ ‹ዛትስ ኤ ጉድ ክዌስሽን› በሉ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው እንደ ማለት። ቀጥላችሁ ‹ሌት ሚ ቲንክ አባውት ኢት›፣ እስቲ ላስብበት። ጨዋ ሰው ጊዜ የሚገዛው እንዲህ ነው።»

ከተማሪዎቹ ሁሉ ትምህርቱን አጥብቃ የያዘችው ትርሲት ነበረች። የእሱም ልብ የሄደው ወደ እሷ ነው። ኮርሱ ባለቀ በሳምንቱ ለአባቷ ሽማግሌ ላከ።

የመጀመሪያ ቀን ሽማግሌ ‹ተመካክረን እንነግራችኋለን› ተብሎ እንደሚሸኝ ያውቃልና ብዙም አልጠበቀም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ሽብሩ ግን ፊታቸው በርቶ ተመለሱ።

«አባትየው ‹እኔ ፈቅጃለሁ፣ እሷ ትጠየቅ› አሉና አስጠሯት። ያንተው ተማሪ አይደለች፣ በእንግሊዝኛ መለሰችልን።»

«ምን ብላ?»

«ሌት ሚ ቲንክ አባውት ኢት» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ አንዲት ቃል ሳይስቱ። «ትርጉሙን ባናውቀውም፣ እንዲያ በፈገግታ እምቢ አይባልም ብለን መረቅናት። ሠርጉንም ለጥር ቀን ቆርጠን ወጣን። ለመሆኑ ምን ማለቷ ነው?»

መምህሩ ፈገግ አለ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋሼ» አለ። «እስቲ ላስብበት።»