የሃያ ሁለቱ ታብሌቶች ምስጢር

አፈ ጉባኤ ከማሉዲን የአዳራሹን በር ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፏል። የሰመራ ሙቀት ደግሞ ሥልጣን አይቶ አያዳላም፤ የአፈ ጉባኤውም ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«ምስጢሩን ያወጣው ሰው ሳይታወቅ ከዚህ ማንም አይወጣም» አለ።

አዳራሹ ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ነበሩ። አፈ ጉባኤው ራሱ፣ ከገዋኔ የተመረጡት ሽማግሌ ሐጂ ኢስማኤል፣ የጽሕፈትና የማባዣ ክፍል ኃላፊው ፍቅረማርያም፣ እና የኮምፒውተር ባለሙያው ታዴዎስ።

ታዴዎስ ከደሴ መጥቶ እዚህ ምክር ቤት በኮንትራት ሲሠራ ስድስት ዓመቱ ነው። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤው ተጽፎ አልቆ የአፈ ጉባኤውን ፊርማ ይጠብቃል። «ለተመራጮች ታብሌት ይገዛ» የሚለውን ሐሳብ ያመጣውም እሱ ነው። ለሙከራ ሃያ ሁለት ታብሌቶች መጡ። እነሱን ሲያስተካክል፣ ሲያስተምር፣ ባለፈው ሳምንትም አዋሽ ሰባት ኪሎ ድረስ ወርዶ ሲያሠለጥን ሰንብቷል። አፋርኛ ከሚችሉት ጥቂት ደገኛ ሠራተኞች አንዱ ስለሆነ ሥልጠናው ሁልጊዜ የሚጣለው እሱ ላይ ነው። እሱም በዚህ ይኮራል።

ዛሬ ምክር ቤቱ የተሰበሰበው ለሁሉም ተመራጭ ታብሌት ይገዛ ወይስ ይቅር ብሎ ሊወስን ነበር።

ክርክሩ ሞቅ ብሎ ነበር። «የመረጠኝ ሕዝብ ውሃ አጥቶ እኔ መስታወት ስነካካ ልታይ?» ያሉ አሉ። «ጭፍራ ላለነው አጀንዳው የሚደርሰን ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው፤ ይገዛልን» ያሉም አሉ። ፍቅረማርያም ማባዣ ማሽኑ ሥራ ፈቶ አቧራ ስለለበሰበት ጥግ ይዞ አኩርፏል።

ከዚያ ሐጂ ኢስማኤል ተነሡ። የገዋኔ የከብት ገበያ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር የሚለውን ረቂቅ አንድ በአንድ ዘረዘሩት። ረቂቁ ዝግ አጀንዳ ነበር። ታዴዎስ በታብሌቶቹ ላይ የጫነው በይለፍ ቃል ቆልፎ ነው፤ የይለፍ ቃሉም ገና ለማንም አልተሰጠም። ገዋኔ ግን ከእሑድ ጀምሮ ስታወራው ሰንብታለች። ስብሰባው በጩኸት ተበተነ።

«ታብሌቱ ምስጢር የሚያፈስ ከሆነ ግዢው ይቀራል» አለ ከማሉዲን፣ ወደ ታዴዎስ ዞሮ። «አንተም አብረኸው ትቀራለህ።»

ታዴዎስ ፈራ። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ደብዳቤ በሌላ ሰው ምላስ ሊቀርበት ነው።

«ከታብሌቱ አልወጣም» አለ። «ማን መቼ እንደከፈተው ማሽኑ ይመዘግባል። ረቂቁን የከፈተ የለም። ሐጂማ የራሳቸውን አንድ ቀን እንኳ ነክተውት አያውቁም።»

«ምን ሊያደርግልኝ?» አሉ ሐጂ ኢስማኤል። «እኔ በዳጉ ነው የሰማሁት።»

ዳጉ የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ከሰላምታው ጋር የሚለዋወጠው ወሬ ነው። የተጠየቀ ሰው ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ከማን እንደሰማም ይናገራል። መደበቅም መዋሸትም ነውር ነው።

ታዴዎስ ይህን ሲሰማ ነፍሱ መለስ አለች። ዳጉ ከሆነ ምንጩ አይጠፋም። ታብሌቱን ከፍቶ ለመጻፍ ተዘጋጀ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ከማን ሰሙ?»

«ከማደያው ጠባቂ።»

«እሱስ?»

«ከአዋሽ ከሚመጣ መንገደኛ። መንገደኛው ደግሞ ከጭነት መኪና ሾፌር፣ ሾፌሩም ካሳፈረው ሰው።»

«ከአዋሽ» አለ ታዴዎስ፤ ቃሉን እየጻፈ ቀና ብሎ ፍቅረማርያምን አየው። «ጋሽ ፍቅረማርያም፣ ረቂቁን በኮምፒውተር የጻፉት እርስዎ ነዎት። ቅዳሜ የት ነበሩ?»

ፍቅረማርያም ላቡን በመሐረብ ጠረገ። «አዋሽ። የእህቴ ልጅ ሰርግ ነበር። አስፈቅጄ ነው የሄድኩት።»

«ታብሌት አያስፈልግም እያሉ ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩም ነበር።»

«ብያለሁ። ወረቀት ይሻላል ማለት ወንጀል ነው?»

ከማሉዲን ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሐጂ፣ የመጀመሪያው ሰው አፋር ነው?» ሲል ጠየቀ።

«አይደለም። ደገኛ ነው። የዚሁ ምክር ቤት ሠራተኛ ነኝ ብሏል።»

ፍቅረማርያም ከወንበሩ ተነሥቶ እንደገና ተቀመጠ። «እኔ እኮ አፋርኛ አልችልም» አለ። «ጡረታዬ አንድ ዓመት ነው የቀረው። ምን አጥቼ ነው?»

ታዴዎስን አሳዘነው። ግን ከሁለት አንዳቸው መውደቃቸው ካልቀረ፣ ያወራው ሰው ይውደቅ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ፍቅረማርያም» ብሎ ጽፎ ታብሌቱን ለአፈ ጉባኤው አቀበለው።

ከማሉዲን አነበበና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። «ከነገ ጀምሮ ከሥራ ታግደሃል፤ ጉዳዩም ወደ ሕግ ይሄዳል» አለው ፍቅረማርያምን። ቀጥሎ ታዴዎስን ትከሻውን መታ አደረገው። «ደብዳቤህን ዛሬውኑ እፈርምልሃለሁ።»

ታዴዎስ ከጠዋት ጀምሮ ያልተነፈሰውን ትንፋሽ ተነፈሰ። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ምዝገባው እንዲሟላ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ሐጂ፣ ለመዝገቡ ያህል ነው። የሰውዬውን ስም ነግረውዎታል?»

«ስሙንስ ያሳፈረው የጭነት መኪና ሾፌር አልያዘውም» አሉ ሐጂ ኢስማኤል። «ብቻ ‹ካርቶን ሙሉ ታብሌት ጭኑ ላይ አቅፎ፣ ዳጉን በአፋርኛ እንደ እኛ አሟልቶ የሚናገር ደገኛ በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅም› ብሏል።»