የሟቹ እርካብ

ጠጋ በሉማ፤ አላስረዝምባችሁም። ሻይ ያዘዘ ሰው ሻዩ ሳይቀዘቅዝበት እጨርሳለሁ።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነው። ከቁመቱ የተነሳ ሰፈሩ «አንቴና» ይለዋል። በር ሲገባ ጎንበስ፣ ሲወጣ ጎንበስ፤ ለማያውቀው ትሑት ይመስላል፣ ግን ለግንባሩ ፈርቶ ነው። ያ ቁመት ከየት እንደመጣም አይታወቅም። ግድግዳው ላይ ባለው የሠርግ ፎቶ አባትና እናቱ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል፤ ሁለቱም አጫጭር ናቸው።

መኪናው በእግር የሚረገጥ የድሮ የስፌት መኪና ነው። እግሩ ካልረገጠ ቤቱ አይበላም።

አባቱ ሲሞቱ ዳማ ፈረሳቸው ለሱ ቀረ። ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ያንን ፈረስ እንኳን ለባዳ ለሚስታቸውም አያስነኩም። እናትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ፈረሱን ያየችው በማድ ቤቱ መስኮት ነው።

ፈረስ ካልተጋለበ ይበላሻል ተባለና አንቴና አመሻሽ ላይ ሱቁን እየዘጋ ይጋልብ ጀመር። ኮርቻው አባቱ እንደተዉት ነው። እርካቡ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ስለታሰረ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይታጠፋል።

«አባባ ያሰሩትን እኔ ማን ነኝና እፈታለሁ?» ይላል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልክ ሲለካ የሚውል ሰው፣ የራሱን ልክ አልለካም።

መጀመሪያ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱን ጠቅ አደረገው። ቆይቶ ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጣበት። በኋላማ ሱሪው አልገባ ብሎት ለራሱ ሰፊ ሱሪ ሰፋ።

ሐኪሙ እብጠቱን ጫን አደረገው። «ውሃ ቋጥሯል። ምን ስትሠራ ነው?»

«ፈረስ ስጋልብ።»

«እንግዲያው ወይ ፈረሱን ወይ የስፌት መኪናህን ምረጥ። እንዲህ ከቀጠልክ መርገጥ አትችልም።»

ማታ እናቱ በሻካራ መዳፏ ቅባት አሸችው።

«ልሸጠው ነው እማዬ።»

እጇ ቆመ። «ቅባቱ ይሻልሃል» አለችና ማሸቷን ቀጠለች።

ጎረቤታቸው ኮርቻ ሰሪው ነገሩን ሰምቶ መጣ። የአንቴናን ክንድ ኮርቻው ላይ አስዘርግቶ እርካቡን ወደ ብብቱ ሳበው። የእርካቡ ጠፍር ከክንዱ ጋር እኩል መሆን ሲገባው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«አንተ ልጅ፣ በአባትህ ልክ ነው እኮ የተንጠለጠልከው! እግርህን ፌንጣ አድርገኸው ጉልበቴ አበጠ ትላለህ?»

ጠፍሩን ለቀቀው፤ ዘለበቱን ታችኛው ቀዳዳ ላይ አስገባው። አንቴና ወጥቶ ሞከረው። እግሩ ተዘረጋ፤ እፎይ አለ።

በማግስቱ ሲወጣ ጉልበቱ እንደገና ወደ ሆዱ ታጠፈ።

«ጋሼ፣ መልሰው አሳጠሩት እንዴ?»

«እኔ? ልጄን፣ አልነካሁትም።»

ሁለቱም አጎንብሰው አዩት። ዘለበቱ አባትየው ያስሩበት በነበረው አሮጌ ቀዳዳ ላይ ነው። አሁንም አስረዘሙት። በማግስቱ ጠዋት አንቴና ቀድሞ ጋጣ ገባ። እርካቡ አጥሯል። የፈረሱ ጀርባ በላብ ርሷል።

የባሰውን ያመጣው ወተት አመላላሹ ነው።

«ጎህ ሲቀድ አየኋቸው» አለ። «አባትህን። በጭጋጉ ውስጥ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ዳማው ላይ። እንደምን አደሩ ብላቸው ዝም አሉኝ።»

«መቼም በሕይወት እያሉም ሰላምታ አይመልሱም ነበር» አለ ኮርቻ ሰሪው።



አንቴና ወደ ቤት ሄደ። የሟቹን ልብስ እናትየዋ ለማንም አልሰጠችም። ካፖርቱን ብል እንዳይበላው እያለች ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ያን ቀንም ገመዱ ላይ ነበር። ኮሌታውን ነካ አደረገው። እርጥብ ነው። እጁን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰበው።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። ሲተኛ በሩ ላይ ወንበር ያስደግፋል። መኪናውን ሲረግጥ ጉልበቱ ጠቅ ባደረገው ቁጥር አባቱ ከጀርባው የቆሙ ይመስለዋል፤ ይዞራል፤ የተንጠለጠለ ሱሪ ብቻ ነው።

«ቦታቸው ላይ ተቀምጬ ነው» አለ እናቱን። «ጉልበቴን ካልወሰዱ አይለቁኝም።»

እናትየዋ ቅባቱን አንስታ ጉልበቱን ማሸት ጀመረች።

ገዢ ተገኘ። አሸዋ የሚያመላልስ ጋሪ ነጂ ነው፤ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ዳማውን ዞሮ አየውና፣ «ጥሩ ነው፤ ጋሪ ላይ ሁለት ክረምት ይቆይልኛል» አለ።

ኮርቻ ሰሪው መጣ። ወተት አመላላሹም አጥሩ ጋ ቆመ። እናትየዋ ካፖርቱን ከገመዱ ላይ እያነሳች ነበር።

አንቴና ቆቡን አውልቆ ባዶው ኮርቻ ፊት ቆመ። እርካቡ አሁንም ከፍ ብሎ ታስሯል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «እርካቡን ለምን እንደሚያሳጥሩብኝ ገብቶኛል። ፈረስዎን ሁለተኛ አልነካም፤ ይኸው እየሄደ ነው። ጉልበቴን ብቻ ይተዉልኝ።»

ጋሪ ነጂው ገመዱን ሊያስገባ ሲል ፈረሱ አንገቱን ነጠቀው። ግቢውን አቋርጦ ሄዶ አፍንጫውን ካፖርቱ ውስጥ ቀበረ።

«ሽታቸውን ለየ» አለ ወተት አመላላሹ፤ አማተበ።

እናትየዋ ፈረሱን ግንባሩ ላይ ዳሰስ አደረገችው። ጋሪ ነጂውን አየች፤ ልጇን አየች፤ እርካቡን አየች።

«ረዝሞብኝ ነው» አለች።