የቦራ ፍስክ

«ሚስማሩ ነው! በያት እንጂ ውዴ፣ ሚስማሩ ነው በያት!» ይለኛል ባሌ ባንታየሁ። ሐኪሟ የፈረሱን የፊት እግር እንደምንም አንስታ የኮቴውን ብረት ነቅላለች፤ የሚስማሩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ታያለች። መግል የለም። አጥንት አልተሰበረም፣ ጅማትም አላበጠም። ኮቴው ግን ይፋጃል፤ እኔም ነክቼው እጄን መለስኩ።

ቦራ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ቆሟል። አንድ እርምጃ አይራመድም። ከናይሮቢ ሐበሻ ስንቱ ሙሽራ ተቀምጦበታል! ባንታየሁንማ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ምግብ ቤታችን የሚመጣው ሁሉ «አባ ቦራ» ነው የሚለው። እሱም ይህን ሲሰማ ደረቱን ይነፋል፣ ጉረኛ!

ሐኪሟ ቀና ብላ «ምን በልቷል?» ትለኛለች በስዋሂሊ። የባሌ ስዋሂሊ ከገበያ አያልፍም፤ እዚህ ኢምባካሲ ጋጣው ድረስ የምጎተተው ላስተረጉም ነው።

ምን በልቷል ትላለች! ሁዳዴን ሙሉ ድርቆሽ ብቻ ነው የበላው። «እኛ እየጾምን እሱ ገብስ ይቆረጥማል እንዴ?» ብሎ ባንታየሁ ከለከለው። የፋሲካ ለት ደግሞ ገብሱን በገንዳ ሞልቶ «ፈስክ እንጂ ጌታዬ!» አለው። አባቱ ቤት እንዲያ ነበር፤ ፈረሱ ይጠግብና ጉግስ ይወጣል። እዚህ የት ይወጣል? በመጋዘኖች መሀል ታስሮ ዋለ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ስስቅ ነበር፣ አፈር ልብላና።

እነግራታለሁ። ገብሱ ነው፣ ትላለች። ባልለመደው ሆድ ያን ያህል እህል ሲገባ ሕመሙ ኮቴ ላይ ይወርዳል። ውስጡ ያለው አጥንት ከኮቴው ተላቆ ዞሯል፤ የኮቴውን መርገጫ በስቶታል። ከሥቃዩ ማሳረፍ ብቻ ነው የቀረው። መርፌውን ልታመጣ ወደ መኪናዋ ትሄዳለች።

«ምን አለች?»

«አይድንም።»

«አላልኩሽም? ያ የኮቴውን ብረት የመታለት ሰውዬ ነው የገደለብኝ! እጁ ይቆረጥ!»

«የሰው ስም አታጥፋ። ሰውዬው ምንም አላደረገም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ከሰማ በኋላ እህል አይበላም፣ እንቅልፍም አይወስደው። አንጀቴ አልችል ይላል።

«መነሻው አይታወቅም» እላለሁ። «ከላይ የመጣ ነው።»

በረጅሙ ይተነፍሳል። «እሱ ካለ ምን ይደረጋል» ይልና ጥጉ ጋ ሄዶ የገብሱን ጆንያ ይፈታል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ባዶ ሆዱን አይሄድማ!»

ሐኪሟ መርፌውን ይዛ ትመለሳለች። ጆንያውን ስታይ ትደነግጥና ወደኔ ትዞራለች። ተዪው ብዬ እጄን አነሳለሁ።

ባንታየሁ ገብሱን በሁለት እጁ አፍሶ ከቦራ አፍ ሥር ይይዛል። «ብላ ጌታዬ። ብላልኝ።» ፈረሱ እግሩን ሳያንቀሳቅስ አንገቱን ብቻ ይዘረጋል። ከዚያ መቆርጠም ይጀምራል፤ ባሌም እያለቀሰ ሌላ ያፍስለታል።