ከገዳሪፍ የመጣ ሽንኩርት

ከጦርነቱ በፊት በነበረው በጋ፣ ካርቱም ሪያድ ሰፈር ውስጥ አንድ ባለሱፐርማርኬት እንቅልፍ አጣ። ስሙ አምጀድ ነው። እንቅልፍ የነሳው ከገዳሪፍ ሽንኩርት የሚያመጣለት ሎሪ ነበር።

ሎሪው በመጣ ቁጥር ሾፌሩ ጂብሪልና የመጋዘን ሠራተኛዋ ሉጥፊያ ጥግ ይዘው በአማርኛ ያወራሉ። ሉጥፊያ የወሎ ሴት ናት፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ጂብሪል እዚሁ የተወለደ ነው፤ አባቱ ሱዳናዊ፣ እናቱ ዴም ሰፈር ውስጥ ሻይ የምትሸጥ ኢትዮጵያዊት። አምጀድ አማርኛ አይሰማም። የማይሰሙት ቋንቋ ደግሞ ሁልጊዜ ስለ ራስ የሚወራ ይመስላል።

«እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ያስገባሉ» አለው ዘበኛው ጣይብ። «ሽንኩርት ውስጥ ምን የማይደበቅ አለ? ዐረቄ በሉት፣ ሐሺሽ በሉት። ፖሊስ የደረሰበት ቀን የሚታሰረው ሾፌሩ እንዳይመስልዎ፤ ባለሱቁ ነው።»

አምጀድ መላ ሲፈልግ ሰነበተ። መላው ለካ እቤቱ ነበር።

ፋሪሃ የቤት ሠራተኛው ናት። እሷም የወሎ ልጅ ናት። ከመጣች ጀምሮ ብቻዋን ከግቢ ወጥታ አታውቅም፤ ፓስፖርቷም አምጀድ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እናቷ እዚያው ወሎ፣ ሐርቡ ላይ ታመው ተኝተዋል። ልሂድ ባለች ቁጥር መልሱ «ከረመዳን በኋላ፣ ኢንሻአላህ» ነው። የትኛው ረመዳን እንደሆነ አይነገራትም። መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። አሁን ለቅሶውም ትቷታል። ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲልኳት ትሄዳለች፤ ሌላ ምንም የለም።

«ነገ ከእኔ ጋር ሱቅ ትመጫለሽ» አላት አምጀድ። «የሚያወሩትን ሰምተሽ ትነግሪኛለሽ። ከያዝናቸው ወደ እናትሽ እሰድሻለሁ። ወላሂ።»

«ሴትዮዋስ ምን ትሆናለች?»

«ሴትዮዋ ምንሽ ናት?»

«ምኔም አይደለችም» አለች ፋሪሃ። «እሺ፣ ሙዲር። ሎሪው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከገዳሪፍ። ለምን ጠየቅሽ?»

«አነጋገራቸው እንደ አገሩ ይለያያል ብዬ ነው።»

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይሄ ነው። አምጀድ በገዛ ብልጠቱ ተደስቶ ያን ሌሊት ጥሩ ተኛ።

ጠዋት ጥቁር ኒቃብ አስለበሳትና ከመጋዘኑ ደጅ፣ ከተደረደረው የሳሙና ካርቶን ጀርባ አቆማት። ሠራተኞቹ ጆሮ ጠቢ እንዳመጣባቸው እንዲያውቁ አልፈለገም።

«ማንም እንዳያይሽ» አላት ደጋግሞ። «እኔም አላውቅሽም፣ አንቺም አታውቂኝም።»

ሎሪው መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው የጭነት ሳጥኑ ዙሪያው ዝግ፣ የኋላ በሩ ብረት። ጂብሪል ወርዶ ከሉጥፊያ ጋር ሰላም ተባባለ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ነገር አወራላት። ወዛደሮቹ ማራገፍ ሲጀምሩ ፋሪሃ ከካርቶኖቹ ጀርባ ብቅ ብላ ሉጥፊያን በጆሮዋ አናገረቻት። አምጀድ ክው አለ። የሉጥፊያ ፊት ልውጥ አለ፤ ሎሪውን አየች፣ ቀጥላም መሬት መሬቱን።

ፋሪሃ ተመለሰች።

«ማን ውጪ አለሽ?»

«እንድታምነኝ ብዬ ነው፣ ሙዲር። አመነችኝ። ጆንያ ውስጥ ነው።»

«የትኛው?»

«እሱን አልነገረችኝም። ሁሉም መፈታት አለበት።»

ድምፅዋ ውስጥ ደስታም ሐዘንም አልነበረም። የአገርን ልጅ አሳልፎ መስጠት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ብሎ አምጀድ ራሱ ቅር አለው። ቢሆንም ጊዜ አላጠፋም።

ሽንኩርቱ ግቢው ላይ ተዘረገፈ። አምጀድ ተንበርክኮ በእጁ በረበረ። ጣይብ በዱላው እየወቃ በተነ። የተጨፈለቀው ሽንኩርት ያቃጥል ስለነበር ከሁሉም ዓይን እንባ ይወርዳል፤ ያዘነ ግን አልነበረም። ሉጥፊያ ባዶውን ጆንያ እየሰበሰበች እንደ ወትሮው ወደ ሎሪው ትመልሳለች፤ ለሚቀጥለው ጭነት ገዳሪፍ ይፈለጋል። ሌላ ጊዜ ከታች ሆና ነበር የምትወረውረው። ዛሬ ግን ሎሪው ላይ ወጥታ አንድ በአንድ ታነጥፋለች። ፈርታ ነው፣ እጇ ከድቷታል፣ አለ አምጀድ በልቡ።

የመጨረሻው ጆንያ ተዘረገፈ። ሽንኩርት ብቻ።

«ታዲያ ሁልጊዜ ምንድን ነው የምታወሩት?» ብሎ ጂብሪል ላይ ጮኸበት።

«ወላሂ ስለ እናቴ ጉልበት ነው። ያማታል፤ ሉጥፊያ የሚቀባ ነገር ታውቃለች። ይሄም ወንጀል ሆነ እንዴ፣ ሙዲር?»

ሉጥፊያ ከሎሪው ወርዳ የተበተነውን ሽንኩርት መልቀም ጀመረች።

ደንበኞች በር ላይ ተሰብስበው ያያሉ። አምጀድ አፈረ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቸኩላል። የሎሪውን የኋላ በር ራሱ ገፍቶ ገጠመው። መወርወሪያውን ራሱ አስገባ። በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

«ያላ! ከዓይኔ ጥፋልኝ!»

ጂብሪል ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከወትሮው ይልቅ ዝግ ብሎ፣ ተጠንቅቆ ነበር የዞረው።

አምጀድ አሁን የቀረው ንዴት ለፋሪሃ ነበር። ሠራተኞቹ ወደ ሽንኩርቱ እስኪዞሩ ጠብቆ ወደ ካርቶኖቹ ጀርባ ሄደ። ሰው አልነበረም። ጥቁሩ ኒቃብ የሳሙና ካርቶን ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ጣይብ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ የግቢውን በር ዘጋና፣ «ሙዲር፣ ባዶውን ሎሪ ግን ሳንፈትሸው ለቀቅነው እኮ» አለ።