ማን ገባ?

ናስቲሆ ሰርቨሩ ውስጥ ስትገባ፣ እሷ ያልጀመረችው ደብዳቤ ስክሪኑ ላይ ጠበቃት። አልገረማትም። በከዚራ ሰፈር ባለው የትራንዚት ቢሮ የጽሕፈት ፕሮግራሙ ፈቃድ የአንድ ሰው ብቻ ስለነበር፣ በሥራ አስኪያጁ በሐጂ ትእዛዝ ስምንቱም ሠራተኞች በአንድ ስም ነበር የሚገቡት። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ የወጣው «ማን ገባ?» ብሎ ይጮኻል፤ የገባው «እኔ ነኝ» ይላል።

ልትዘጋው ስትል ስሟን አየች። ደብዳቤው ለፕሮግራሙ ሻጮች ነበር። «አንዱን ፈቃድ እኛ ሳናውቅ ለስምንት ሰው ያከፋፈለችው ሠራተኛችን ናስቲሆ ናት፤ በሕግ ትጠየቅልን...»

ከሥራ አስኪያጁ የመስታወት ክፍል የሐጂ ድምፅ መጣ። «አቦ፣ ማን ገባ?»

ዘግታ ልትወጣ አሰበች። ግን ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

«እኔ ነኝ፣ ሐጂ» አለች።