የቀበቶው መጨረሻ

ሽማግሌው መካኒክ የመስክ መኪናውን ኮፈን ዘግተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። የሞተሩ ድምፅ ኩልል ያለ ነበር፤ ጆሯቸው ደግሞ አሳፍሯቸው አያውቅም። “ያገለገለ አይመስልም። ዓይንሽን ሳታሺ ግዢው፣ ልጄ” አሉ። መኪናውን ሊያሻሽጥ አጠገባቸው የቆመው ደላላ ፊቱ በራ።

ልጃቸው ግን ኋላ ወንበር ላይ ወጣችና የደህንነት ቀበቶውን ሳበችው። ደረቷ ላይ ሲደርስ አላቆመችም፤ ከተጠቀለለበት ተመዝዞ እስኪያልቅ ሳበችው። “አባዬ፣ እስቲ ይህንን እየው።” ቀበቶው መጨረሻ ላይ የደረቀ ጭቃ ተጋግሮ ነበር። “ጎርፍ የዋጠው መኪና ነው። ወንበሩን አጥበው አሳምረውታል፤ እዚህ ድረስ ማን ያያል ብለው ነው።”

አባት ጭቃውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ያን ሁሉ ዘመን መኪና ሲመርጡ አንድም ቀን ቀበቶ ስበው አያውቁም። ደላላው ግራ ቢገባው ወደ እሳቸው ዞረ። “አባባ፣ መካኒኩ እርስዎ አይደሉ እንዴ? እርስዎ ይፍረዱ እንጂ!”

“እኔማ” አሉ፣ ፈገግታቸውን መደበቅ አቅቷቸው፣ “ዛሬ የመጣሁት ተሳፋሪ ሆኜ ነው።” ከዚያም የእጃቸውን ጨርቅ ለልጃቸው አቀብለው፣ ወደሚቀጥለው መኪና ከኋላ ከኋላዋ ተከተሏት።