ጀሶው ይከፈት

ሌንሳ የበከርን የአውራ ጣት ጥፍር ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ጥፍሩ ነጣ፤ ቀለሙ የተመለሰው እየተጎተተ ነው።

«ጣቶችህን ዘርጋቸው እስቲ።»

«አልቻልኩም አልኩሽ እኮ!»

የመሀል ጣቱን ራሷ ቀስ አድርጋ ቀና ስታደርገው በከር ጮኸ። ክፍሉ ውስጥ የተኙት ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ ያሳመመችው እሷ ይመስል።

በከር ጌጃ ሰፈር ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ወጣት ነው። ትናንት ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ፤ ማታውን ጀሶ ታስሮለት ተኛ። ከጠዋት ጀምሮ የማስታገሻ መርፌ ተደጋግሞለታል፤ ሕመሙ ግን እየባሰ ነው።

«ልጄ፣ አንድ መርፌ ጨምሪለት በአላህ» አሉ እናቱ ሀሚዳ።

«መርፌው አይደለም እናቴ፣ ጀሶው ነው። ክንዱ አብጦ መፈናፈኛ አጥቷል። ውስጡ ደም አላሳልፍ ብሏል።»

«ታዲያ ክፈቺለታ!»

«እኔ ተማሪ ነኝ። አይፈቀድልኝም።»

ሀሚዳ ነጭ ጋወኗን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ታዲያ ይሄን ለምን ለበስሽው?» የሚሉ መሰላት።

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ኮከቤ የአንድ ሽማግሌ ቁስል እያሸገች ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አረፍ አላለችም።

«ስብራት ያማል፣ ሌንሳ።»

«ሲስተር፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ደንዝዘዋል...»

«ለዶክተር ኩማ ተነግሮታል። ኦፕራሲዮን ላይ ነው፤ ሲወጣ ያየዋል። ምን ላድርግልሽ?»

ሌንሳ ወደ አስተማሪዋ ሄደች። ሲስተር የሻረግ ሌሎቹን ተማሪዎች መስኮቱ ስር ሰብስባ ታስረዳ ነበር፤ ውጭ የባቡሩን ሐዲድ የሚሠሩት ማሽኖች ስለሚያጓሩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋለች። ሌንሳን አዳመጠቻትና ፈተና አደረገችው።

«ምልክቶቹን ዘርዝሪልኝ።»

«በማስታገሻ የማይመለስ ሕመም፣ ጣት ሲዘረጋ የሚብስ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ መገርጣት...»

«የደም ምቱስ?»

«አለ፣ ግን...»

«አለ እንግዲህ።»

ሌንሳ ደሟ ፈላ። «የደም ምቱ እስኪጠፋ ከጠበቅንማ እጁ አለቀለት ማለት ነው! እርስዎ ነዎት ያስተማሩን!»

ተማሪዎቹ መሬት መሬት አዩ። ሲስተር የሻረግ ፊቷ ቀላ። «ድምፅሽን ቀንሺ» አለች ዝግ ብላ። «እዚህ ሆስፒታል እንግዶች ነን።»

ሌንሳ ጥላቸው ወጣች። ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ፣ አረንጓዴ የለበሰ ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ አገዳት። ተማሪ አይገባም። በትከሻው ላይ አሻግራ በበሩ ክፍተት ጮኸች።

«ዶክተር ኩማ! የበከር እጅ እየሞተ ነው!»

ዶክተሩ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሶ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። ተቆጥቶ ወጣ።

«ማነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«እኔ ነኝ። ይምጡና ይዩት። ተሳስቼ ከሆነ ከኮሌጅ ያስባርሩኝ።»

ከላይ እስከ ታች አያት፤ ከዚያ ወደ በከር ክፍል መራመድ ጀመረ። በከር አልጋ አጠገብ ደርሶ አንዱን ጣት ቀና ሲያደርግ፣ በከር ሳይጮህ በፊት የዶክተሩ ፊት ተለወጠ።

«የጀሶ መቁረጫ አምጡ። ቶሎ!»

ጀሶው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ከሥሩ ያለው ፋሻ በመቀስ ሲቀደድ ክንዱ እንደ ተነፋ ጎማ ተወጥሮ፣ እያብለጨለጨ ወጣ። በከር ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ዶክተሩ ግን አላረፈም፤ በጣቱ ጡንቻውን ጫን ጫን አደረገው። እንደ እንጨት ደርቋል።

«ይሄ ብቻውን አይበቃም። ክንዱ ራሱ ተከፍቶ መተንፈስ አለበት። አሁኑኑ ወደ ኦፕራሲዮን ውሰዱት።»

«እጁ ይተርፋል?» አሉ ሀሚዳ።

«እንሞክራለን እናቴ። ትንሽ ቀደም ብለን ብናውቅ ጥሩ ነበር።»

ሌንሳ ጥርሷን ነከሰች። ሲስተር ኮከቤ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ የሆነ ነገር ትፈልግ ጀመር። ሲስተር የሻረግ መጣችና የአልጋውን እግር ያዘች። «ክንዱን አንቺ ያዢ» አለቻት። «ከልቡ ከፍታ አይብለጥ፣ አይውረድም።»

አልጋው እየተንገጫገጨ በኮሪደሩ ተጓዘ። ሌንሳ በጎኑ እየሄደች ክንዱን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ትንሿን ጣቱን ጨበጠች።

በከር ጣሪያውን እያየ «ጣቴን ይዘሻል?» አላት።

«ይዤዋለሁ።»

«የቱን?»

ሌንሳ የጨበጠችውን ጣት አየች። ጠበቅ አደረገችው። በከር የተሰማው አይመስልም፤ ዓይኑን ከጣሪያው አላነሳም።

«ሁሉንም» አለችው።